ወባ ማጥፊያ

ከሐራጅ ነው የገዛኋት፣ ከቃሊቲ መጋዘን በር፣
ጎማዋ ወልቆ፣ ዶሮ ጥላባት፣ እንቁላሉ ከመሪው ሥር።
የስድሳ አራት ሞዴል ላንድሮቨር፤
በቀኝ በሯ ላይ በነጭ ቀለም፣
ፊደሉ ተልጦ ግማሹ የለም፣
«ወባ ማጥፊያ» ይላል፤ ወይም ይል ነበር።

ያኔ ባንክ ነበርኩ፣ ሰንጋ ተራ፣ አራተኛ ፎቅ፣
የሰው ገንዘብ ስደምር ውዬ በአሥራ አንድ ሰዓት የምለቅ።
ክራባቴን ሳልፈታ ከኮፈኗ ሥር እገባለሁ፣
ሸሚዜ ግራሶ ጠጥቶ፣ እኔ ስቄ እወጣለሁ።
ባለቤቴ ውብአንቺ ሳሙናውን እየቆጠረች፣
«ጣውንት ብታመጣብኝ ይሻል ነበር፤ እሷስ ልብስ ታጥባለች» አለች።

ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ ከጎሚስታው አጥር ማዶ፣
ጋሽ ዘርጋው አለ፣ የአውራ ጎዳና መካኒክ የነበረ፣ ጡረታው ከቤት አላስቀምጠው ብሎ፣
የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮው ገጥሞ፣
ዓይኑን ይከድናል፣ ንስሐ እንደሚሰማ አባት ቆሞ።
«ሁለተኛው ቫልቭ ያጉረመርማል» ይላል፣ ሲገልጠው ዓይኑን፤
«ሦስተኛው ያመዋል እንጂ አይዋሽም፤ ተወው እሱን።»

ስምንት ወር ፈጀብን። ሶማሌ ተራን በእግሬ ለካሁት፣
ከቆርቆሮ ክምር፣ ከብሎን ጋራ፣ አንዲት ማርሽ ፈለግሁበት።
ነስሩ፣ ባለ ሱቁ፣ «ይኼ ዕቃ በዕድሜ ይበልጥሃል ወንድም፤
ቢገኝም አልሸጠው፣ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው በፍሬም!»

አንድ እሑድ ጧት ማኑቬላውን አዞርኩት።
ሳለች። ዝም አለች። ደግሞ ሳለች።
ከዚያ ተነሣች፤
ጥቁር ጭሷን ለጎረቤት ሁሉ እኩል አካፈለች።
የእማማ ደብሪቱ ነጭ አንሶላ ከገመዱ ላይ ጠቆረ፤
ሰላምታቸው እስከ ዛሬ በዚያው ቀረ።

ወሬ ከጎማ ይፈጥናል። አንዱ መጣ፣ ቀጠለ ሌላ፤
ቅዳሜዬ አለቀ፣ የሰው መኪና እሑዴን በላ።
መልቀቂያ ጻፍኩ፤ አለቃዬ ሁለቴ አንብቦ፣
«ለብረት?» አለ። «ለብረት» አልኩ። ፈረመ፣ አስቦ አስቦ።

ወረዳ ሄድኩ፣ ለንግድ ፈቃድ፤ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል፣
«ዘርፉ?» አለች። «አሮጌ ላንድሮቨር ማዳን።» «የሚል
ኮድ የለም። ጥገና ነው ወይስ ንግድ?» አለች፤
ለካ እኔ ዓመቱን ሙሉ የሸሸሁትን ጠየቀች።

የመጀመሪያውን ደረሰኝ ስጽፍ እጄ ከዳኝ፤
የሚሊዮን ሂሳብ ያስታረቅሁ ሰው፣ የካርቦራተር እጥበት ዋጋ ጠፋኝ።
«ጻፍ» አለ ጋሽ ዘርጋው፤ «ፍቅርህን አትደምርበት፣ ሌላውን ጻፍ።
ልጅ አለህ። ኪራይ አለብህ። ጻፍ።»

በክረምት የአቶ እንዳሻው መኪና ተጎትታ ገባች፣
የከብት ክትባት ወደ መንዝ ስታደርስ ካምቢዮዋን ሰበረች።
ሶማሌ ተራ የለም። ምናለሽ ተራ የለም።
መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን ነው፤ በረዶው አይጠብቅም።
ግቢው ውስጥ አንዲት ነበረች፣ ካምቢዮዋ ደህና፤
ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ ክሪኩን አነሣሁና...

ዲናሞዋ ተከተለ፣ በመስከረም።
የኋላ ባሌስትራዋ፣ ራዲያተሯ፣ ቆጥሬ አልጨርስም።
ዛሬ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ በእሷ ግን አምስት መኪና ይነዳል።
ሜክሲኮ፣ መብራት ይዞኝ ስቆም፣ ከጎኔ አንዱ ማርሽ ይቀይራል፤
ጉሮሮዋን ለየሁት።
መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከኋላዬ ታክሲው ጥሩምባውን ያንባርቃል።

ትናንት አንድ ጎረምሳ መጣ፤ የሱ መኪና በር የላትም፣ በሸራ ጋርዶ ነው የሚነዳ።
ዞራት። ቀኝ በሯን በጣቱ አንኳኳ፣ ባለቤት እንዳለው ጓዳ።
«ይኼ ጽሑፍ ይለቃል? ወይስ ቀለም ይሸፍነዋል?» አለ።
ጋሽ ዘርጋው ጆሮውን ከሌላ ሞተር ላይ አላነሣም፤ ዝም አለ።
ዋጋውን አውቀዋለሁ፣ እስከ ሳንቲሙ።
«ነገ ና» አልኩት።

ማታ ውብአንቺ ወጣች፣ ባልዲና ያልተጀመረ ሳሙና ይዛ።
ምንም ሳትለኝ በሩን አጠበችው፣
በፊደሎቹ ዙሪያ በጣቷ ጫፍ፣ ቀስ ብላ።