አራተኛው እጥፋት

ማናማ፣ ጁፌር ሰፈር፣ ከሆቴሉ ሆድ ውስጥ፣
በነሐሴ ግድግዳው እንደ ሰው ያልበዋል።
ዘጠኝ ሴቶች፣ ስድስት ማሽን፣ አንድ ሰዓት፣
አንድ እኔ፤
አንገቴ ላይ ካርድ፣ ካርዱ ላይ «ሱፐርቫይዘር»፣
እጄ ላይ ሰሌዳ፣
ሰሌዳው ላይ በክር የታሰረ ስክሪብቶ።

ስገባ ጸጥ ይላሉ።
የማሪቬል ሳቅ እንደ ቧንቧ ይዘጋል፣
ሱኒታ ስልኳን ከፎጣ ሥር ትቀብራለች፣
አንዷ የጀመረችውን ቃል በጥርሷ ትይዛለች።
ይኼ ነው ክብር፣ አልኩ ለራሴ።
ደሴ ላሉት እህቶቼም በድምፅ መልእክት ላክሁ፦
«እኔ ስገባ መርፌ ቢወድቅ ይሰማል።»
መርፌ ሲወድቅ ሰማሁ እንጂ
ሰው ሲወድቅ አልሰማሁም።
ዝምታ ወርቅ ነው ብለው ያሳደጉኝ
ሰሙን አላሳዩኝም።

በዚያ ሌሊት ሦስት አንሶላ ተቃጠለ፤
ሦስቱም የጦይባ።
የካውያው ቅርጽ፣ ቡናማ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል፣
መሀል ለመሀል።
ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ በአንድ አንሶላ የአንድ ቀን ደመወዝ።
ስክሪብቶዬን ሳብኩ። ክሩ አጠረ።
ቀና ስል እጅጌዋን አየሁ፤
ረጅም፣ እስከ አንጓዋ የተቆለፈ፣
ሁላችንም በዚያ ሙቀት
ክንዳችንን ገልጠን ትንፋሽ ስንለምን።

«ጦይባ፣ እንዴት ነሽ?»
«ደህና።»
«እውነት?»
«ደህና ነኝ፣ ሱፐር። አልሐምዱሊላህ።»

ያችን «ደህና» እኔም አውቃታለሁ፤
ስምንት ዓመት ተኩሼ ለእናቴ የላክኋት ናት፤
ጠርዟ ከጠርዟ የገጠመ፣
እድፏ ወደ ውስጥ የታጠፈ።
ሚስተር ቫርጌዝ በሰጠን የሁለት ቀን ሥልጠና
«የሠራተኛን ስሜት ማንበብ» የሚል ገጽ ነበረ፤
ማንበቤን ፈርሜያለሁ።
ገጹ ግን እጅጌ አልነበረውም።

ሰሌዳውን ማሽኑ ላይ አኖርኩ፣
ከቅርጫቱ ትልቁን አንሶላ አነሣሁ፣
«ያዢልኝ» አልኳት።
ትልቁን አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም፤
ሁለት ይሻል፣ ፊት ለፊት።
አንደኛው እጥፋት፦ ነጭ፣ መሀላችን እንደ መጋረጃ።
ሁለተኛው፦ አንድ እርምጃ፤ አየኋት፣ አላየችኝም።
ሦስተኛው፦ ትንፋሿ ተሰማኝ፣ ያጠረ፣ የተቆጠበ።
አራተኛው ላይ ጣቴ ክንዷን ነካ፤
ክንዷ ሸሸ።
አንሶላው መሬት ወደቀ፣
አልተቆጣሁም፤
ወይም ተቆጣሁ፣ ግን በማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

እጅጌውን ራሷ ገለጠችው።
ከክርን እስከ አንጓ፣ አራት ቀን የሞላው፣
የጥርስ ሳሙና የተቀባ ቁስል።
ካውያውን ከአንሶላው ቶሎ ማንሣት ያቃተው ይኼ ክንድ ነው።
«ለምን አልነገርሽኝም?»
ማድረቂያው ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ።
«እኛ እኮ» አለች፣ «ካውያ ነው የምንልሽ።»

«አንሶላውን ማን ተኮሰው?» ስል፣ ስመዘግብ፣ ስቀጣ፣
«እሷንስ ማን ተኮሳት?» የሚል ቃል ካፌ አልወጣ።

ሐኪም ቤት የወሰዳት መኪና ሲመለስ
ፎርሙ ፊቴ ነበር፦
ቀን። ቦታ። ምክንያት።
«የሠራተኛዋ ቸልተኝነት» የሚለው ሣጥን
አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤
ከሥሩ አንዲት ባዶ መስመር፣ «ሌላ ካለ»።
እዚያ ላይ ስሜን ጻፍኩ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጀግና አይደለሁም፤
ጉርሻዬ አለ፣ የታናሽ እህቴ ትምህርት ቤት አለ።
ቫርጌዝ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ ሁለቴ አነበበ፤
«ይኼ ላንቺ አይበጅሽም» አለ፣
ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም።

ሦስት ሳምንት ሆነ።
አሁንም ስገባ ጸጥ ይላሉ።
አንዳንድ እድፍ በአንድ ዙር አይለቅም።
ጦይባ በፋሻዋ ፎጣ ትቆጥራለች፣ ቀላሉን ሥራ፤
አትስቅልኝም፤ ሳቂልኝም አልላትም።
ትናንት ግን በሩ ላይ ስደርስ
ማሪቬል አንድ ነገር እያወራች ነበር፤
አየችኝ፣
ቆመች፣
ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
ጨረሰችው።