ሰሃን ቁጥር ሰባት

ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ ለብሳ አድራለች፣
የቤተ ሙከራው በር እጀታዋ ጣት ታቃጥላለች።
ሰባት ሰሃን አሉኝ፣ ከመዳፍ የማይሰፉ፣
ሕዋሳት እንደ ሰሌን ወለላቸው ላይ የተነጠፉ።
ቫይረሱን የሰጠችን የአሥራ አንድ ወር ልጅ ናት፣
ከመሐል ሜዳ በሪፈር፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ያመጧት።
ብልቃጧ ላይ ቁጥር ነው፤ ስሟን ግን አውቃለሁ፣
እናቷ ኮሪደር ላይ «ማርዘነብ» ስትል ሰምቻለሁ።

ተልባውን ቅዳሜ ገበያ እማማ ወርቅያንሷል ሰፈሩልኝ፣
ምራቂውን ጨምረው «ለምንሽ ነው?» አሉኝ።
ስለ ልጋጉ ነገርኳቸው፦ ስኳር ነው፣ የማይጣፍጥ፣
እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ፣ ውሃ ሲነካው የሚያዳልጥ።
ቫይረሱ የአንጀት በር መስሎት
ቁልፉን እዚያ ሰክቶ እንዲቀር፣
ውጭ እንዲያድር።

ዝም አሉ። ጣሳውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣
«እኔም ለልጄ ሰጥቻለሁ» አሉ፤ «ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አጥልዬ።
በሦስተኛው ቀን ነው የቀበርኩት።»
ዋጋ አልቀነሱልኝም።
እኔም አልተከራከርኩም።

ቀን ሁለት መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ሲያስነጥስ፣ ሲያነክስ፣
ዘበኛው ሽታሁን ጀሪካኑን ይዞ ከማደያ እስኪመለስ፣
ማሞቂያ ሣጥኑን በጋቢዬ ጠቀለልኩት፣
እንደ አራስ፤ የሌለ ትንፋሹን አዳመጥኩት።

ቀን ሦስት። ቀለም አፈሰስኩ። ቫይረሱ የበላበት ይነጣል፣
ብል እንደ ገባበት ቀሚስ ቀዳዳው ይቆጠራል።
ባዶ ውሃው፣ መቶ አርባ።
ገብሱ፣ መቶ ሠላሳ አንድ።
አብሹ፣ ዘጠና፤ ግማሹ ተበላሽቶብኛል።
ሰሃን ቁጥር ሰባት፣ ተልባው፦
አሥራ ሁለት።

እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት።

አልጮኽኩም። አንዴ የታየ ወሬ ነው፣
ሰሃንም ሆድ አይደለም፤ ሆድ አሲድ አለው፣ ጎርፍ አለው።
ሆድ ይፍጀው ይባላል፤
ሆድ የፈጀውን ግን
ይህ ሰሃን ከየት ያውቃል?

ማርዘነብ ትናንት ወጣች። በኔ ተልባ አይደለም፤
በጨውና በስኳር ውሃ፣ በማንኪያ፣ ሌሊቱን ሙሉ
እናቷ ሳትተኛ።
በሚጣፍጠው ስኳር።

ቅዳሜ ሌላ ጣሳ ልሸምት እወርዳለሁ።
«ምን አገኘሽ?» ይሉኛል።
አሥራ ሁለትን ለእማማ ወርቅያንሷል
በየትኛው መስፈሪያ ልስፈርላቸው?

ሰሃኖቹን በበረኪና አጠብኩ። ጣቴ ቀላ።
መዝገቡ ላይ፣ ከቁጥሩ በታች፣ አንድ ቃል ጻፍኩ፦
«ይደገም።»