ቆይ

በሰኔ ጨለማ ጅብ ጋጣ ሰብሮብኝ፣
ሁለት እርጉዝ በጎች አውጥቶ በላብኝ።
አስራ አንድ ቀሩ። ሌሊት እየቆጠርኩ፣
ቀን እያንቀላፋሁ አንድ ክረምት ከረምኩ።
የለጋምቦን ውርጭ ሰው ብቻውን አይችልም፤
ኩራዝ አይቆይበት፣ ዱላም አያሞቅም።

ይመር ሙሄ ሰማ። "ውሻዬ ወልዳለች፣
ከጎታው ስር ገብታ ስድስት ታጠባለች፤
ነይና ምረጪ፤ ዋጋ አልጠይቅሽም፣
የውሻ ገንዘብ እኔ ቤት አይገባም።"

ምክሩ ግን ጎረፈ፣ እሱም ያለ ዋጋ።

"ላንቃውን ገልጠሽ እዪ" አለችኝ ጦይባ፣
"ጥቁር ላንቃ ከሌለው ቤትሽ እንዳይገባ።"
"ጆሮውን ቁረጪው ገና ሳይጠነክር፣
ያልታመመ ውሻ አይማርም መናከር"
አሉኝ መምሬ ውቤ፣ ከመንገድ አቁመው።
"በርበሬ አብሊው" አለኝ ባለወፍጮው ሹሜ፣
"እኔም የጠነከርኩት ሚጥሚጣ ቅሜ።"

እንድሪስ ግን ሳቀ። የባሌ ወንድም ነው፤
ባሌን ከቀበርን ወዲህ ድንበር ላይ ነው ሥራው።
በየበልጉ ማረሻው ስንዝር ይሻገራል፣
"በሬው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" ይላል።
"እኔ እያለሁልሽ ውሻ ለምንሽ ነው?"
ጅቡ የመጣ ለታ የት እንዳለ ማን ያውቀው።

ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ከጎታው ስር አየሁ፣
ከዚያ የጸጉር ክምር አንዱን ካንዱ ለየሁ።
ቦራው ዘሎ ወጣ፤ እግሬን ሊነክስ ቃጣ፤
"ጀግናው ይሄ" አለ ይመር፣ "በቅርጫት ላምጣ?"
ዳለቻው ሸሸኝ፤ ጥቁሩ ጮኸብኝ፤
አንዷ የጫማዬን ማሰሪያ በጠሰችብኝ፤
አምስተኛው ተኝቷል። ስድስተኛው ቡላ፣
ቁጭ ብሎ ያየኛል ከእናቱ ኋላ።
አይጮህ፣ አይቅበጠበጥ። እጄን ብዘረጋ
አሸተተና ዞረ፤ ወደ በረቱ ጠጋ።
አንዲት ግልገል ነበረች፣ እናት የሞተባት፤
ጎኗ ተጋደመ፣ አገጩን ጣል አርጎባት።

ላንቃውን አላየሁም።

በማዳበሪያ ከረጢት ይዤው ቤት መጥቼ፣
እጄን ሰባቴ ታጠብኩ፣ አንዱን በአፈር አሽቼ።
ቤት አላስገባሁትም፤ ጋጣ ከበግ አደረ፤
አሮጊቷ በግ በግንባሯ ስትለው
እየተንከባለለ ሥርዓቷን ተማረ።
የጠቦት ጆሮ ቢያኝክ፣ ልጥ ገመድ ጠምዝዤ፣
ሶስት ቀን አሰርኩት፣ አብሬው ተክዤ።

ስም ማውጣት ቀረኝ። በኛ አገር
የውሻ ስም የሚወጣው ለሰው ነው፤
ውሻው ይጠራበታል፣ ጎረቤት ይሰማው።

"ቆይ" አልኩት።

ጠዋት ጠዋት እንድሪስ ድንበር ላይ ሲጠምድ፣
"ቆይ!" እላለሁ ጮኬ፣ ውሻዬ እንዳይሄድ።
"ማንን ነው?" ይለኛል። "ውሻዬን" እለዋለሁ።
ማረሻውን ያነሳል። እኔም ዝም እላለሁ።

በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ሁለት ጅቦች መጡ።
የይመር ቦራ፣ ያ ጀግና፣
አንዱን እያባረረ ገደሉን ወረደ፤
ሌላው በጓሮ ገብቶ ሶስት በግ ይዞ ሄደ።
ከዚያ ወደኔ ዞሩ።
የኔው ንቅንቅ አላለም። ከጋጣው በር ቆመ፤
ጥርሱ ብቻ ነጣ፣ ሌላው ሁሉ ጨለመ።
አንዴ ተናነቁ፤ ጅቡ ተነቅሎ ዞረ፤
ዱላዬን ሳነሳ ዳገቱን ተሻገረ።
ቡላው አልተከተለም።

ሲነጋ ቆጠርኳቸው፤ ከነግልገሉ አስራ አራት።
የሱ ጆሮ ብቻ ለሁለት ተሰንጥቆ፣
መምሬ "ይኸው!" አሉ፣ ፊታቸው በሳቅ ደምቆ።
ጦይባ አፉን ከፍታ ገባች ወደ ውስጡ፦
"ውይ! ላንቃው ቀይ ነው!"
እንድሪስ በሩቁ አይቶ፣ በሬዎቹን ይዞ አለፈ።

ሲመሽ ግን በቀስታ፣ ሰው ሳይሰማኝ፣ በሩን ስዘጋ
"ቆይ" እለዋለሁ፣ ከተሰነጠቀው ጆሮው ስር።
ያንን ቃል ለባሌም ብዬው ነበር አንዴ፣
አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ፤
ከሄደ በኋላ ሰው ይሰማል እንዴ?

ቡላው ቀይ ላንቃውን ከፍቶ ያዛጋል።
ይቆያል።