የሐሙስ ጫማ

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ፣ በኮርንዎል ጠባብ መንገድ፣
በግ ሲሻገር ቆሜ እየጠበቅሁ፣ ጭጋግ ሲገፈፍ ለመሄድ።
ጡረታ ስወጣ ሰዓት ሸለሙኝ፤ ቀጠሮ ለሌለው ሰዓት!
እኔ ግን ሦስት ቀጠሮ ነበረኝ፣ የደበቅሁት ከጎረቤት።

አንደኛው የልጆች መጽሐፍ ነው፤
አራት ልጆችና አንድ ዓይና ውሻ፣
የጠፋ ካርታ፣ የተቆለፈ ዋሻ፣
ሌባው ሁልጊዜ ጢማም ነው፤ ያም ሆኖ እስከ መጨረሻ
አላውቀውም።
ስዋስ ግን «ለእህቴ ልጅ ነው፣ ለላቭዴይ» እላለሁ፣
ሠላሳ አራት ዓመት እንደሞላት፣ ፕሊመዝ ጥርስ እንደምትነቅል እያወቅሁ።
የቤተ መጻሕፍቱ ሚስተር ጃጎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ጎበዝ አንባቢ ናት ልጅቷ» ይላል፣ ሳቁን በጉንጩ ጠቅልሎ።

ሁለተኛው የሐሙስ ማታ ነው።
ሦስት ሰዓት ላይ መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ ቢጮኽም አላነሳም፤
የባሕር ማማ ጠባቂው ሰውዬ ሞቷል፤ እሱ ግን ሞቱን አያነሳም።
በየደጁ ያንኳኳል ከውሃ ወጥቶ፣
አንድ እግሩ ባዶ፣ አንዱ ተጫምቶ፤
«ጫማዬን አይታችኋል?» ነው ጥያቄው።
ዘጠኝ ክፍል ሙሉ፣ ይኸው።
ወንድሜ ሄድሊ «ፊቱ እኮ ዱቄት ነው!» ብሎ ይስቃል፤
እሱ ለኳስ ያለቅሳል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ማን ያውቃል?

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ በኪሎ።
ጭኔ ላይ ተዘርግቶ እግሬን የሚያደነዝዝ የአትክልት ቦታ መጽሐፍ፤
በፊት እሾህ፣ በኋላ ጽጌረዳ፤ በፊት ፍርስራሽ፣ በኋላ ደጃፍ።
ቅጠል ስገልጥ ቅጠል ይወጣል፣ በጣቴ ሥር ይለመልማል፣
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ እንቅልፌ ጎረቤት ሄዶ ያድራል።

እንግዲህ በመጋቢት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣
ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ሐረግ ከዋጠው ግንብ ሥር፣
መቀስ ይዤ ሄድኩ፤ ፈቃድ የጠየቅሁት ከአንዲት ድንቢጥ ነበር።
ሐረግ ክፉ ነው፤ አንዱን ስትስቡት ሌላው ይመጣል ተያይዞ፣
እንደ ዘር ቆጠራ፣ እንደ ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ ሐረግ ሐረግን ይዞ፤
አሥራ ሁለት ቀን አነበብኩት በመቀስ፣ ጉልበቴ በጭቃ ደንዝዞ፤
ማሰሪያ አንቀጹ፣ እንደ ወጉ፣ መጨረሻ ላይ መጣ፦
በሩ ተከፈተ።

ሀብት የለም፤ ካርታ የለም፤ ጢማም ሌባም የለም የታሰረ፤
የተሰነጠቀ ማሰሮ፣ የዛገ ባልዲ፣
ግንብ ተደግፎ ክንዱን የዘረጋ የፒር ዛፍ፤
ግማሹ ሞቷል፤ ለቀሪው ግማሽ ግን ማንም አልነገረ።
ከሥሩ ስቆፍር አካፋዬ ለስላሳ ነገር ነካ፤
አውጥቼ አጠብኩት፤ ጫማ ነው፤ የግራ፤ ስንዝር ከአራት ጣት ሲለካ።
ዕለቱ ምን ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ።
ሐሙስ ነበር።

ላቭዴይ ጋ ደወልኩ። «አክስቴ፣» አለች፣ የሰው አፍ እንደያዘች፣
«ድሮ ግንበኞች ክፉ እንዳይገባ ጫማ ይቀብሩ ነበር» ብላ ዘጋች።
ጥሩ መልስ ነው። ሻይ ጠጣሁበት።
ማታ ግን ጠባቂው ሲያንኳኳ፣ ያው ጥያቄው፣ ያው እግሩ፣
ተነስቼ ጫማውን የመስኮት ደፍ ላይ አኖርኩት፣ አፍንጫው ወደ ባሕሩ።
«ምናልባት» ብዬ አይደለም።
ደግሞም «ምናልባት» ብዬ ነው።

ጠዋት እዚያው ነበር፤ ዝናብ ሞልቶት፤ ቀንድ አውጣ አፋፉን ይዞር ነበር።
ትንሽ ቅር አለኝ፤ ትንሽ ብቻ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር።

ጭቃዬን ሳልታጠብ ሄድኩ። «ሚስተር ጃጎ፣ ሦስተኛው ክፍል ለእኔ ነው፤
ሁለቱም ለእኔው ነበር፤ ላቭዴይ የምታነበው የጥርስ ፎቶ ብቻ ነው።»
ማኅተሙ አየር ላይ ቆመ።
ግራ ቀኝ አየና፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሹክሹክታ፣ ጢሙን እያሻሸ፦
«ሌባው ማን እንደሆነ እንዳትነግሪኝ፣ ስትጨርሺ፣ አደራ፤
እኔ ገና አርባኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ ፋኖሱ ሲጠፋ፣ ውሻው ሲፈራ።»