የነዲያልካ አውራ ጣት

በካዛንላክ ሸለቆ፣ ግንቦት ሲጋመስ፣
ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ጤዛ ቅጠል ሲያርስ፣
ነዲያልካ ተነስታ ሽርጧን ታጥቃለች፤
ከጽጌረዳው ረድፍ መሐል ትገባለች።
ሥልሳ ዓመት ላለፋት ፋኖስ አያሻትም፤
ጣቷ አበባ ያውቃል፤ እሾህ ግን አያይም።

ፀሐይ ከወጣች ወዲያ ሽቶው ይበናል፤
ስለዚህ ይቸኮላል፤ ስለዚህ ይወጋል።
አንዲት ቀጭን እሾህ፣ የድመት ጥፍር መሳይ፣
አውራ ጣቷን ወግታ ተሰበረች እዚያው ላይ።
ጠባች፤ ተፋች፤ ሰደበች ቁጥቋጦውን ወይ ራሷን፤
ከረጢቱ ግማሽ ነው፤ ቀጠለች ሥራዋን።

ቆዳ አጥር ነው፤ ደረቅ፣ ኮምጣጣ፣ ጨው ያለበት፤
ስንቱ ተውሳክ ያድርበታል መግቢያ ሳያገኝበት።
እንባዋ ዓይኗን ሲያጥብ፣ ንፍጧ ትቢያ ሲይዝ፣
ምራቋም በጥርሷ ሥር ጀርሙን ሲያፈዝዝ፣
አንድም ቀን «እግዜር ይስጥልኝ» አላለችም፤
አጥር ካልተጣሰ ማንም አጥር አያይም።

አሁን ተጣሰ። ከእሾኋ ጋር የገባው ብዙ ነው፤
የአፈር ባክቴሪያ፣ ሻጋታ፣ ምኑን ልቁጠረው።
በሃያ ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል፤
እስከ ማታ ስንት? ሒሳብ የሚችል ያሰላል።

ከሥጋዋ ውስጥ ግን የማይተኛ ዘብ አለ፣
ገና ሳትወለድ እዚያው የተተከለ።
ስም አይጠይቅም፣ ወረቀት አያይም፤
«የኛ አይደለህም» ይላል፤ ሌላ አይመራመርም።
የቻለውን ውጦ፣ ሲበዛበት ይጣራል፤
ድምፅ የለውም፤ ጩኸቱ በውሃ ውስጥ ይሟሟል።

ደም ሥሮች ሰሙ። ሰፉ። ግድግዳቸውን አላሉ።
ጣቷ ቀላ፣ ጋለ፣ አበጠ፤ «ታመመ» ይላሉ፤
እኔን ብትጠይቁኝ፣ በር ተከፈተ በሉ።

ማታ ገንቾ አያት። «ክሊኒክ እንሂድ» አለ።
«ለእሾህ?» አለች ስቃ። ራኪያው መደርደሪያ ላይ አለ፤
ግማሹን ለጣቷ፣ ግማሹን ለጉሮሮ።
ተኛች። ጣቷ ግን አልተኛም፤ ይመታል ከበሮ።

ነጫጮቹ መጡ፣ ከመቅኔዋ የተወለዱ፣
ዕድሜያቸው አንድ ቀን፣ ከመጡ ላይሄዱ፤
በደም ሥር ግድግዳ ቀጥነው ሾልከው አልፈው፣
ሽታ ተከትለው፣ እሾኋን ከብበው፣
ይውጣሉ። መርዝ ይረጫሉ። ይሞታሉ።
አንዳንዱ ደግሞ፣ ሲጨንቀው፣
ሆዱን ይዘረግፋል፤
ውስጡ የተጠቀለለውን የትውልድ ክር፣
ነዲያልካ ከእናቷ የወረሰችውን፣
የአፍንጫዋ ቅርጽ የተጻፈበትን፣
አውጥቶ እንደ መረብ ይጥለዋል።
ባክቴሪያው ይያዛል። እሱ ያልቃል።

መዝገብ ያዦች አሉ፣ ዘግይተው የሚመጡ፣
የጠላትን መልክ በማኅደር የሚያስቀምጡ፤
ክትባት የሚያስተምራቸው፣ ስማቸው የሚነሳ።
እነዚህ ግን ማኅደር የላቸውም።
ረሱ ማለትም አይቻልም፤
ለመርሳትም ዕድሜ ያስፈልጋል።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ጣቷ ነጭ ነጥብ ቋጥሮ አገኘችው።
መርፌ በእሳት አግላ፣ እሾህን በእሾህ፣ ወጋችው።
መግሉ ፈሰሰ፤ መሐሉ ያቺ ጥቁር ስባሪ።
«ቆሻሻ» አለች። በጨርቅ ጠረገች። ጨርቁን ምድጃ ውስጥ ጣለች።
ስንት ሺህ ሬሳ እንደነበር አልቆጠረችም።
እኔም ይህን እስክጽፍ ድረስ
መግል መግል ብቻ ነበር።

እሾኋስ? እሷም እኮ ዘብ ናት፣
ጽጌረዳዋ ገላዋን የምትጠብቅባት።
ሁለት አጥር ጠባቂ በአንድ ጣት ተገናኙ፤
ሁለቱም የታዘዙትን አደረጉ።
ዳኛ ብባል፣ ማንን እንደምቀጣ አላውቅም።

ነዲያልካ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ ወርዳለች፤
በግራ እጇ ትለቅማለች፤ ትዘገያለች።
ሚዛኑ ጋ ዶብሪ ከረጢቷን ሰቀለ፤
«ለጤዛው ግማሽ ኪሎ እቀንሳለሁ» አለ።
ተከራከረች። አውራ ጣቷም አብሯት ተነሳ፤
ቀይ፣ ሙቅ፣ ትንሽ ያበጠ፤
ሥራውን ገና አልጨረሰም።