የሳሙና ዕዳ

ጀልባዋን ገልብጠን፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥተን፣
ከሐይቁ ዳር፣ ከሾላው ሥር፣ ሬንጁን እሳት ላይ ጥደን፣
ጦይብ ጣቱ እንደጠቆረ፣ ሲያርፍ ለደቂቃ፣
«አያ እብሬ» አለኝ፣ «የቱ ነው የልብህ ዕቃ?»

ሣጥኔን ሳብሁ። ሣጥን ካሉት፣
የዘይት ጀሪካን ነው፣ በጎኑ የቀደዱት።

ይኼ መሮ የባሌስትራ ልጅ ነው፤
በሐረጎ ቁልቁለት አይሱዙ ቢያዳልጠው
ከተረፈው ብረት ገዝቼ
ኮምቦልቻ ያስቀጠቀጥሁት፣ ከአንጥረኛ ተሟግቼ።
ጥጥና ቃጫ ገምጄ በሳንቃው መሐል ስከት
እሱ ነው የሚያጎርስልኝ፣ ቀስ እያለ፣ በስስት።

ይቺ መዶሻ ትንሽ ናት፤ ለመምታት አይደለችም።
ሳንቃውን ኳ ኳ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋለሁ፤
ደኅናው «ኪን» ይላል፣
የበሰበሰው «ዱፍ»።
እንጨትም እንደ ሰው ነው፣
ውስጡ ሲያልቅ ድምፁ ይወፍራል።
(አንዳንዱን ሹም እንዲህ ኳ ባደረጉልን!)

ፒንሳውን ተወው። ለባጃጅ ነጂው ለአስናቀ አውሼው
ጥርሱን አውልቆ መለሰው፤ ድድ ብቻ ነው ይኼው።
አልጣልሁትም ግን፤ ድድም ይጠቅማል፣
ሽቦ ስጠመዝዝ አይቆርጥም፣ ያባብላል።

ማግኔቱ ከተሰበረ ስፒከር ሆድ የወጣ፤
ሠርግ ያሟሟቀ ይሁን እድር የጠራ
ማን ያውቃል፤ አሁን ከውሃ ሥር ብረት ነው የሚጠራ።
አንድ ቀን በሲባጎ አስሬ ካቻቢቴ ፍለጋ ብልከው
የሰው ቁልፍ ይዞ መጣ፤
የዛገ፣ ከባድ፣ የቤት ቁልፍ።
ባለቤቱ ማን ይሆን? በሩስ አሁንም ተዘግቶ ይሆን?
ያውና፣ ሾላው ላይ ሰቅዬዋለሁ፣
የሚጠይቅ ቢመጣ።

«የቱ እንደሆነ አልነገርኸኝም» አለ ጦይብ።
ልጅ ቶሎ ይሰለቻል።

ከሣጥኑ ወለል፣ በጨርቅ የተጠቀለለች
ግማሽ የልብስ ሳሙና አለች፤
ደርቃ፣ ተሰነጣጥቃ፣
የአውራ ጣቴን ጎድጓዳ እንደያዘች።

ነሐሴ ነበር። ከገበያ ስንመለስ፣
አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት ፍየል፣ ግማሽ ኩንታል ማሽላ፣
መሐል ሐይቁ ላይ ስንደርስ
ስፌቷ ተተረተረ፤ ውሃው ገባ በኋላ።
ሣጥኔ?
ሣጥኔ ከዳር ቀርቷል፣ ከዚሁ ከሾላው ጥላ።
«ያ አላህ!» አለ አንዱ፤ «እስጢፋኖስ!» አለ ሌላው፤
ፍየሎቹ ሁለቱንም አሉ።

ያኔ ሎሚናት ናት፣ ከዘንቢሏ ሥር
አዲስ ሳሙና አውጥታ፣ ወረቀቱን በጥርሷ ገፋ፣
«እንካ ወትፈው! ምን ታየኛለህ?» ያለችኝ።
አሸሁት፣ ለሁለት ከፈልሁት፣ በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅሁት፤
ስፌቱ ዋጠው።
ውሃው አረፋ ደፈቀ፣
ትንሽ አሰበ፣
ቆመ።
እሷ በቲማቲም ጣሳ ስትቀዳ፣ እኔ ስቀዝፍ
እንደታጠበ ልብስ እየሸተትን ደረስን።

ይኼው ሰባት ዓመቱ።
በየገበያው ቀን፣ ከማዶ፣
እጇን በአፏ ዙሪያ ሰብስባ
«እብሬ! ሳሙናዬስ?» ትላለች።
«ሳምንት!» እላለሁ።
ሳምንቱም ሲመጣ፣ ሳምንት።

ሳሙና ጠፍቶ መሰለህ፣ ጦይብ? ሱቁ ሞልቶታል።
ግን አንዴ ከከፈልሁ፣
በዚህ ሁሉ ውሃ ላይ
ስሜን ማን ይጠራዋል?

«ሬንጁ ፈላ» አለኝ።
እውነቱን ነው፣ ፈልቷል።
መሮውን አቀብለኝ።