ቤት ይመታል

ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈልኩት፤
ግራውን «የሚዳሰስ»፣ ቀኙን «የማይዳሰስ» አልኩት።
መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው፣ ገጽ አርባ ሁለት፤
ሥዕሉ ቀለም ጠጥቶ፣ ሐውልቱ መስሎ ጥላሸት።

«ነገ» አልኳቸው፣ «ከየቤታችሁ ፈልጉ፣
አንድ የሚጨበጥ፣ አንድ የማይጨበጥ ይዛችሁ ኑ፤ እንዳትዘነጉ።»
«የማይጨበጠውን በምን እንያዘው?» አለች ረድኤት።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም በእውነት።

ማግስቱን ጠረጴዛዬ ሰልባጅ ተራ መሰለ።
ፊራኦል የአያቱን ሲንቄ፣ «መሬት እንዳይነካ» ተብሎ፣ እንደ ጧፍ ይዞት ዋለ።
ምንተስኖት ገበጣ አመጣ፣ የጎደለ ጠጠሩን በሽምብራ የሞላ፤
ሽምብራው እስከ ረፋድ ተበላ።
ኤልዳና የሲኒማ ትኬት፣ ከመሐሉ የተተረተረ፤
ያን ማታ አያቷ ሸራውን ትቶ፣ ከጎኑ የተቀመጠችውን ሲያይ ነበረ።

የማይጨበጠውም መጣ፣ በአፍ፣ በጉሮሮ፣ በእጅ፤
ረድኤት አያቷ ሊገባ ሲል የሚስላትን ሳል ሳለችልን ከደጅ፤
«እህ! እህ!» የምትል፣ ውስጥ ያሉት ነጠላቸውን እንዲያስተካክሉ።
«ሳልም ቅርስ ነው?» ሲሉኝ በቀኝ በኩል ጻፍኩት። «ነው በሉ።»

ሙኒር ዘግይቶ ገባ። ከገላን ነው የሚመጣው፣ በሁለት አውቶቡስ፣
ሠራተኛ ሰፈር ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ፤
ተቀምጦም ነፍሱ ገና መንገድ ላይ ናት፣ እስክትደርስ።
ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፤ ወፍራም፣ የጣልያን ጊዜ፣ ጥርሱ ሁለት።
«በሩ የለም» አለ። «ይሄን ግን እናቴ መጣል አቃታት።»

ክፍሉ ተነታረከ። «ግራ ነው! ይኸው በእጁ ይዞታል!»
«ቀኝ ነው! የሚከፍተው ከሌለ ምኑን ቁልፍ ይባላል?»
ጠመኔዬ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ክንዴ ከበደኝ።
«በዚህ ስትቆልፉ…» ብዬ ስጀምር ሙኒር አቋረጠኝ፦

«ቆልፈነው አናውቅም። ምስማር ላይ ነበር የሚውል።
ሰው ሲመጣ ‹ቤቶች!› ይላል፤ እናቴ ‹ደጆች!› ትላለች፤ ይገባል።
አሁን ደወል አለን። ሲጫኑት እንደ ወፍ ይንጫጫል።
እናቴ በቀዳዳ ታያለች፤ ሁልጊዜ ቆጣሪ አንባቢው ይሆናል።»

ሰኞ ለት ስለ ግጥም ሳስተምር
«ቤት ይመታል» ብዬ ነበር። እጁን አወጣ ሙኒር፦
«ምን አጥፍቶ?»
ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅሁም።
እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

በእረፍት ሰዓት ይዣቸው ወጣሁ፣ ሁለት ሁለት በሰልፍ፤
ሊስትሮዎቹ ብሩሻቸውን አቆሙ፣ በወርቅ ቤቶቹ ደጅ ስናልፍ።
ሰፈሩ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ታጥሯል። ከላይ ክሬን ይዞራል።
ሙኒር በእርምጃ ይቆጥራል፦ «የሐጂ ሱቅ… ቧንቧው… ከቧንቧው ሦስተኛ…
እዚህ ጋ ነው» ይላል።
ቁልፉን ቆርቆሮው ላይ አስጠጋ፣ ቀዳዳ የሚፈልግ ይመስል፤ ከዚያ ተወው።
አፉን በመዳፉ ከልሎ፣ በጎረቤት ድምፅ፣ የገዛ ቤቱን እንግዳ ሆኖ ጠራው፦
«ቤቶች!»

ዝም።

ሠላሳ ስምንት ልጅ ተከተለው። «ቤቶች!» ቆርቆሮው ነዘረ።
አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋብን። አንድ ውሻ ጀመረ።
እና ከአጥሩ ወዲያ፣ ያላየነው ዘበኛ፣ የሚያኝከውን ሳይውጥ፣
ሳያስበው፣ እጅ እንደሚያክ ሰው፣ ከልማዱ ውስጥ፣
«ደጆች!» አለ።
ከዚያ ራሱ ደንግጦ፣ ቀስ ብሎ ጨመረ፦
«ማን ልበል?»
ሙኒር ቁልፉን ጨብጦ የቤት ቁጥሩን ተናገረ።